ክለቡ የማን ነው? ከድሬዳዋ ደጋፊዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የድሬዳዋ ሙቀት ገና ሳይበርድ በከዚራም፣ በመጋላም፣ በሳቢያንም ያሉ ዲኤስቲቪ ቤቶች በሰው ይሞላሉ። ጨዋታው አልቆ እንኳ ሰው ወንበሩን አይለቅም፤ ክርክሩ ይቀጥላል። ድሮ ክርክሩ ስለ አሰልጣኝና ስለ አጥቂ ነበር። አሁን አሁን ግን ስለ ባለቤት ሆኗል፤ ማን ገዛው፣ በስንት ገዛው፣ ገንዘቡ ከየት መጣ፣ ለእኛስ ክለብ እንዲህ ያለ ሰው ለምን አይመጣም? የክለቦችን ሂሳብና የባለቤትነት ታሪክ ለዓመታት ስከታተል ስለቆየሁ ጥያቄው ብዙ ጊዜ ወደ እኔ ይዞራል። ደጋግመው የሚነሱትን ሰብስቤ እዚህ መልሻለሁ። ዓመታቱና ቀኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ክለብ መቼ የሚሸጥና የሚገዛ ንብረት ሆነ?

የእንግሊዝ ክለቦች ሲወለዱ የፋብሪካ፣ የቤተ ክርስቲያንና የትምህርት ቤት ልጆች ነበሩ። አርሴናልን በ1886 የመሠረቱት በዉሊች የጦር መሣሪያ ፋብሪካ የሚሠሩ ሠራተኞች ናቸው፤ “መድፈኞቹ” የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው። ክለቦቹ እየዋሉ እያደሩ የአክሲዮን ማኅበር ቢሆኑም፣ የአገሪቱ እግር ኳስ ማኅበር ባለአክሲዮን ከትርፍ የሚወስደውን ይገድብ፣ የቦርድ አባላትም ደመወዝ እንዳይቀበሉ ይከለክል ነበር። ስለዚህ ክለቡን የሚይዘው የከተማው ነጋዴ ወይም የፋብሪካ ባለቤት ነበር፤ የሚያተርፈውም በሰፈሩ ሰው ዘንድ መከበርን ነው።

በ1983 ሁለት ነገሮች ተለወጡ። ቶተንሃም ክለቡን በሌላ ኩባንያ ሥር አስገብቶ አክሲዮኑን በለንደን ገበያ ሸጠ፤ የትርፍ ገደቡም በዚህ መንገድ ታለፈ። በዚያው ዓመት ባለሜዳው ክለብ የበር ገቢውን ለእንግዳው ቡድን ማካፈሉ ቀረ። ብዙ ሰው የሚያነሳው የመጀመሪያውን ነው፤ ለእኔ ግን የከፋው ሁለተኛው ነው። እስከዚያ ድረስ በትልቅ ከተማ ስታዲየም ከተሰበሰበው የትኬት ገንዘብ የትንሿ ከተማ ቡድን ድርሻውን ይዞ ወደ አገሩ ይመለስ ነበር። ያ ሲቀር ሀብታሙ ብቻውን እየከበደ ሄደ። በ1992 ፕሪሚየር ሊግ ተመሥርቶ የቴሌቪዥን ገንዘብ ሲጎርፍ ደግሞ፣ ክለብ በሩቅ አገር የሚኖር ባለሀብት የሚመኘው ንብረት ሆነ። ሮማን አብራሞቪች በ2003 ቼልሲን ሲገዛ መንገዱ አስቀድሞ ተጠርጎለት ነበር።

የአንድ አካባቢ ድህነትና የክለቡ ውጤት በእርግጥ ይያያዛሉ?

ይያያዛሉ፤ የእንግሊዝን ካርታ ማየት ይበቃል። በ1888 የእግር ኳስ ሊግ ሲመሠረት 12 ክለቦች ነበሩት። ስድስቱ ከላንካሻየር፣ ስድስቱ ከመካከለኛው እንግሊዝ ነበሩ፤ ከለንደን አንድም አልነበረም። ላንካሻየር የዚያን ዘመን ዓለም የጥጥ ጨርቅ የሚሸመንበት ምድር ነው። ብላክበርን፣ በርንሊ፣ ፕሪስተን፣ ቦልተን ሁሉም የጥጥ ከተሞች ነበሩ። የፋብሪካ ሠራተኛው ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ከሥራ እንዲወጣ በሕግ ሲፈቀድለት የሳምንት ደመወዙን ይዞ የሚሄድበት ሜዳ አገኘ። እኛ ዛሬም ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስክሪን ፊት የምንቀመጠው ያ ሠራተኛ በጀመረው ልማድ ነው።

ፋብሪካዎቹ ሲዘጉ ገንዘቡ ወደ ደቡብ፣ ወደ ለንደን ባንኮች ሄደ። በ2025/26 የውድድር ዘመን ከ20ዎቹ የፕሪሚየር ሊግ ክለቦች 7ቱ የለንደን ናቸው።

ሰንደርላንድን ላንሣ። በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ የምትገኝ የመርከብ ግንባታና የድንጋይ ከሰል ከተማ ነበረች። የመጨረሻዎቹ የመርከብ ግንባታ ቦታዎች በ1988 ተዘጉ፤ በወንዙ ዳር የነበረው የከሰል ማዕድን ደግሞ በ1993። ክለቡ በ1997 የከፈተው አዲስ ስታዲየም የተሠራው በዚያው በተዘጋው ማዕድን ቦታ ላይ ነው። ስሙ “የብርሃን ስታዲየም” ሲሆን በደጁም የማዕድን ሠራተኞች ፋኖስ ሐውልት ቆሟል። አባት ከመሬት በታች የወረደበት ቦታ ላይ ልጅ መለያ ለብሶ ይዘምራል። ክለብ ከሥራ ጋር፣ ሥራም ከቦታ ጋር እንዴት እንደተጋመደ ለማየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

የውጭ ባለሀብት ክለቡን ሲገዛ ከተማውም አብሮ ያድጋል?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቁኝ ሰዎች “አዎ” የሚል መልስ እየጠበቁ እንደሆነ ፊታቸው ላይ አያለሁ። መልሱ ግን ክለቡ ያድጋል፤ ከተማው ላይ የሚደርሰው ከሚወራው ያነሰ ነው የሚል ነው።

ኒውካስልን እንውሰድ። የሳዑዲ አረቢያ የመንግሥት ኢንቨስትመንት ፈንድ በ2021 ከአጋሮቹ ጋር በ305 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛው፤ 80 በመቶው ድርሻ የፈንዱ ሆነ። በ2025 ክለቡ የሊግ ዋንጫን አነሣ፤ ከ1955 ወዲህ በአገር ውስጥ ያገኘው የመጀመሪያው ትልቅ ዋንጫ ነው። ሰባ ዓመት የጠበቁ ሰዎች አደባባይ ሲያለቅሱ አይቻለሁና ያንን ደስታ አላቃልልም። ይሁን እንጂ የእግር ኳስ ክለብ ብዙ ሰው የሚቀጥር ድርጅት አይደለም። ገንዘቡ በአብዛኛው ወደ ጥቂት ተጫዋቾች ደመወዝና ወደ ዝውውር ሂሳብ ይሄዳል። እዚያው ጎረቤት ሰንደርላንድ በ1986 የተከፈተው የኒሳን መኪና ፋብሪካ ወደ 6,000 ሠራተኞች አሉት። ከተማ የሚቀይር የውጭ ኢንቨስትመንት ብፈልግ እኔ የምመርጠው ፋብሪካውን ነው፤ ከክለቡ ደግሞ የማይቀየረውን ነገር፣ ስሙንና ሰዉን፣ እፈልጋለሁ።

ማንችስተር ሌላ ታሪክ አላት። የአቡ ዳቢው ሼክ መንሱር ቡድን ማንችስተር ሲቲን በ2008 ከገዛ በኋላ በምሥራቁ ሰፈር፣ ፋብሪካዎች በቆሙበት ባድማ መሬት ላይ፣ ትልቅ የልምምድ ማዕከል ሠርቷል። ይህ የሚታይና የሚዳሰስ ነው። ከከተማው ምክር ቤት ጋር በሽርክና ብዙ የኪራይ ቤቶችም ተገንብተዋል። ሆኖም የሸፊልድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2022 መሬቱ ከሚገባው ዋጋ በታች ተላልፏል፣ ትርፉም ወደ ውጭ ይሄዳል ሲሉ ተችተዋል። ልብ በሉ፤ ክርክሩ ስለ ጎል መሆኑ ቀርቶ ስለ መሬት ሆኗል። ባለሀብት በክለብ በር ገብቶ በመሬት በር ሲወጣ ከተማው ሁለቱንም በሮች መጠበቅ አለበት።

ሬክሳም ደግሞ የተስፋው ምሳሌ ናት። በዌልስ የምትገኝ የቀድሞ የከሰል ከተማ ናት፤ በ1934 በአቅራቢያዋ በሚገኝ ማዕድን 266 ሰዎች ሞተውባታል። ክለቡን ከ2011 ጀምሮ የያዙት ደጋፊዎቹ ነበሩ። ሁለት የፊልም ተዋናዮች፣ ሪያን ሬይኖልድስና ሮብ ማክኤልሄኒ፣ ሊገዙ ሲመጡ ደጋፊዎቹ ድምፅ ሰጥተው ከ98 በመቶ በላይ ተቀበሏቸው፤ በ2021 ሽያጩ አለቀ። ከዚያም በ2023፣ በ2024ና በ2025 በተከታታይ ሦስት ጊዜ ወደ ላይኛው ሊግ አደጉ። ስለ ክለቡ በተሠራው ተከታታይ ፊልም የተነሣም ከአሜሪካ ድረስ እንግዳ ይመጣል፤ መጠጥ ቤቱና ሆቴሉ ይሠራል። ይህ ግን በካሜራ የመጣ ሀብት ስለሆነ ለሌሎች መቶ ከተሞች ሊደገም አይችልም።

መጥፎ ባለቤት ቢመጣስ? ክለብ ሊጠፋ ይችላል?

ይችላል። የቤሪን ነገር ላውራችሁ። በማንችስተር አቅራቢያ የምትገኝ ትንሽ የፋብሪካ ከተማ ናት፤ ክለቧ በ1885 ተመሥርቶ የኤፍኤ ዋንጫን ሁለት ጊዜ፣ በ1900ና በ1903፣ ወስዷል። በ2018 መጨረሻ አንድ ነጋዴ በ1 ፓውንድ ገዛው። የምትገዛው ዕዳውን ስለሆነ ዋጋው አንድ ፓውንድ መሆኑ አይግረማችሁ። ዕዳውን ለመክፈል የሚያስችል ማስረጃ ሊቀርብ አልቻለም፤ ነሐሴ 27 ቀን 2019 ሊጉ ክለቡን አባረረው። በዚያኑ ዕለት ጠዋት ደጋፊዎች ክለቡ እንደሚተርፍ ተስፋ አድርገው ባልዲና መጥረጊያ ይዘው መጥተው ወንበሮቹን ሲያጥቡ፣ መተላለፊያውን ሲጠርጉ ነበር። ማታ ላይ ውሳኔው መጣ። መጥረጊያ ይዞ የመጣ ሰው ክለቡ የእሱ እንደሆነ ያምናል፤ ወረቀቱ ላይ ግን ስሙ የለም።

የብላክበርን ደግሞ ቀስ በቀስ የመጣ ነው። የዚያው ከተማ ተወላጅ የነበረው የብረት ነጋዴ ጃክ ዎከር ገንዘቡን አፍስሶ በ1995 የሊጉ ሻምፒዮን አደረገው። እሱ በ2000 ሞተ። በ2010 ቬንኪስ የተባለ የሕንድ የዶሮ እርባታ ኩባንያ ገዛው፤ በ2012 ከፕሪሚየር ሊግ ወረደ፤ በ2017 ወደ ሦስተኛው እርከን ወረደ። ማንችስተር ዩናይትድም ቢሆን በ2005 በግሌዘር ቤተሰብ ሲገዛ፣ ለግዢው ከተወሰደው ብድር ብዙው በራሱ በክለቡ ላይ ተጫነ። ቤት ገዝቶ የቤቱን ዕዳ ተከራዩ እንዲከፍል ማድረግ ማለት ነው።

እንግሊዞችም ከዚህ ሁሉ በኋላ በ2025 ስለ እግር ኳስ አስተዳደር አንድ ሕግ አውጥተው ነጻ ተቆጣጣሪ አቋቁመዋል። ባለቤት የመሆን ብቃት ይመረመራል፤ ስታዲየም ያለ ፈቃድ አይሸጥም፤ የክለብ ዓርማና የመለያ ቀለም ያለ ደጋፊው ይሁንታ አይቀየርም። የመጨረሻው ከባዶ የመጣ አይደለም። የካርዲፍ ክለብ ማሌዥያዊ ባለቤት በ2012 ሰማያዊውን መለያ ቀይ አድርገውት ነበር፤ ደጋፊው አሻፈረኝ ብሎ በ2015 ሰማያዊው ተመለሰ። የእኛን የድሬዳዋ ከተማ ክለብ ብርቱካናማ መለያ አንድ ሰው ነገ በሌላ ቀለም ቢቀይረው ምን እንደሚሰማችሁ አስቡት።

ጀርመኖች “50+1” የሚሉት ምንድን ነው?

ከ1998 ጀምሮ የጀርመን ክለቦች የእግር ኳስ ክፍላቸውን ኩባንያ አድርገው ለባለሀብት ድርሻ መሸጥ ይችላሉ፤ ነገር ግን ከድምፁ ግማሹና አንድ ተጨማሪ ድምፅ የአባላቱ ማኅበር ሆኖ መቅረት አለበት። ገንዘብ ይገባል፤ ውሳኔው ከአባላቱ እጅ አይወጣም። እንደ ሌቨርኩሰንና ቮልፍስበርግ ያሉ፣ ከመነሻቸው የፋብሪካ ቡድን የነበሩ ክለቦች በልዩ ሁኔታ ታልፈዋል።

ደጋፊው ይህን ሕግ እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቀዋል። በ2024 መጀመሪያ ሊጉ ከቴሌቪዥን ገቢው ድርሻ ለውጭ ባለሀብት ሊሸጥ ሲዘጋጅ፣ በየስታዲየሙ የቴኒስ ኳሶች እንደ በረዶ ወደ ሜዳ ይዘንቡ ጀመር። ጨዋታ ይቆማል፣ ተጫዋቾች ኳስ ይለቅማሉ፣ እንደገና ይዘንባል። በየካቲት ወር ሊጉ ዕቅዱን ተወ።

ግን ሕጉ የአካባቢ ልዩነትን አላጠፋም፤ ይህንን ደግሜ መናገር እፈልጋለሁ። ሁለቱ ጀርመኖች ሲዋሐዱ ከምሥራቁ ሊግ በ1991 ወደ ጀርመን ከፍተኛ ሊግ፣ ወደ ቡንደስሊጋ፣ የገቡት ሃንሳ ሮስቶክና ዲናሞ ድሬስደን ብቻ ነበሩ። ጎበዝ ተጫዋቾች ወደ ምዕራብ ተወሰዱ፤ ፋብሪካዎች ስለተዘጉም ስፖንሰር የሚሆን ድርጅት ጠፋ። ከ2009 እስከ 2016 በቡንደስሊጋው ከቀድሞዋ ምሥራቅ ጀርመን አንድም ክለብ አልነበረም። ክፍተቱን የሞላው በኦስትሪያው የሬድ ቡል ኩባንያ ገንዘብ በ2009 የተቋቋመው ላይፕዚግ ነው፤ ድምፅ ያላቸው አባላት ቁጥር በጣም ጥቂት በመሆኑ 50+1ን በቃል አክብሮ በመንፈስ ጥሶታል ተብሎ ይወቀሳል። የላይፕዚግ ሰው ግን ስታዲየሙን ይሞላል። ከሃያ ዓመት በላይ የቡንደስሊጋ ጨዋታ በከተማው ላላየ ሰው ገንዘቡ ከየት መጣ ብሎ መውቀስ ቀላል አይደለም።

በሌላው ወገን በምሥራቅ በርሊን ያለው ኡኒየን አለ። ስታዲየሙ ሲያረጅ ገንዘብ ስላልነበረ በ2008ና በ2009 ከ2,000 በላይ ደጋፊዎች በነጻ ወደ 140,000 ሰዓት ሠርተው አደሱት። ሲሚንቶ አቡክተው፣ ብረት በይደው። እኛ ደቦ የምንለው ነው። በ2019 ያ ክለብ ወደ ቡንደስሊጋ አደገ።

ታዲያ ክለብ በደጋፊ እጅ ቢሆን ሁሉም ነገር ይስተካከላል ማለት ነው?

አይደለም። ባርሴሎና የአባላት ክለብ ሆኖ በ2021 ዕዳው ከአንድ ቢሊዮን ዩሮ በላይ ደርሶ ነበር። የእንግሊዙን ፖርትስማውዝ ከኪሳራ ያዳኑት ደጋፊዎቹ በ2017 ራሳቸው ድምፅ ሰጥተው ለአሜሪካዊ ባለሀብት ሸጠውታል፤ ስታዲየሙን ለማደስ አቅም አልነበራቸውም። አባልነት ድምፅ ይሰጣል፤ ጥሩ ሂሳብ ሠራተኛ ግን ያስፈልጋል።

ድሬዳዋ ራሷ እንዲህ ያለ ነገር አይታ ታውቃለች?

አይታለች፤ ብዙ ወጣት አያውቅም እንጂ። ከተማዋ ራሷ የውጭ ገንዘብ ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው የፈረንሳዮች የባቡር ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት ስላልቻለ በ1902 እዚህ ቆላው ላይ ደረሰ፤ በዙሪያውም ከተማ በቀለ። ለዘመናት የንግድ መናኸሪያ የነበረችው ሐረር በአንድ የመሐንዲስ ውሳኔ ከዋናው መንገድ ወጣች። የአካባቢ ልዩነት እንዴት እንደሚፈጠር ለማወቅ እንግሊዝ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ ከድሬ ሐረር የሚወጣውን ጠመዝማዛ መንገድ መጓዝ ይበቃል።

ከዚያ የጥጥ ፋብሪካው መጣ፤ ከፋብሪካው ጋር ቡድኑ። የድሬዳዋ ጥጥ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደጋግሞ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆኗል። በ1964 ለመጀመሪያ ጊዜ በተካሄደው የአፍሪካ ሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫ ከመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች አንዱ ነበር። በ1962 ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ስትወስድ አምበል ሆኖ ዋንጫውን ያነሣው ሉቻኖ ቫሳሎ የዚህ ፋብሪካ ቡድን ተጫዋች ነበር። በ1976ም አህጉሩ ወደ ሜዳችን መጥቷል፤ ከአፍሪካ ዋንጫው ምድቦች አንዱ፣ ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳንና ዛየር የነበሩበት፣ የተጫወተው ድሬዳዋ ላይ ነው፤ ዋንጫውንም በመጨረሻ ሞሮኮ ወሰደች።

በከዚራ ዛፍ ጥላ ሥር የሚያረፍዱ አንድ የጥጥ ፋብሪካ ጡረተኛ ጎረቤት አሉኝ። በላስቲክ የተጠቀለለች፣ ጠርዟ የተበላ የቡድን ፎቶ በደረት ኪሳቸው ይይዛሉ። ሲያሳዩኝ ጣታቸው ከፊት ወደ ፊት እየሄደ ስም ይጠራሉ፤ ከስሙ ቀጥሎ የሚሉት ግን የተጫወተበትን ቦታ አይደለም፤ የሠራበትን ክፍል ነው። ይህ የፈትል፣ ይህ የሽመና፣ ይህ የማቅለሚያ። ጋሼን ለመጀመሪያ ጊዜ ስሰማቸው ነው ክለብና ሥራ አንድ ነገር የነበሩበትን ዘመን በትክክል የገባኝ። ፋብሪካው ሲደክም ቡድኑ ደከመ። ዛሬ በዚያ ስም የሚጫወት ቡድን በፕሪሚየር ሊጉ የለም። ብላክበርን ከጥጥ ፋብሪካዎቹ በኋላ ቢያንስ ክለቡን ይዞ ቀረ፤ ክለቡ ከፋብሪካው የተለየ የራሱ ሕልውና ነበረውና። የእኛው ግን የፋብሪካው አንድ ክፍል ነበር፤ ከክፍሉ ጋር ሄደ።

ሐረርን ደግሞ ተመልከቱ። የሐረር ቢራ ፋብሪካ በ1984 ተቋቋመ፤ ቡድኑም በፕሪሚየር ሊግ የሚፈራ ነበር። በ2011 መንግሥት ፋብሪካውን ለሄኒከን በ78 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ፤ በደሌ ቢራንም በተለየ ዋጋ። ፋብሪካው ዛሬም ይሠራል፤ በፋብሪካው ስም የሚጠራ ቡድን ግን በፕሪሚየር ሊጉ የለም። አንዱ የሌላው ብቸኛ ምክንያት ነው አልልም። ነገር ግን ፋብሪካ የሚገዛ ሰው የሚገዛው የጠመቃውን ዕቃና ገበያውን ነው፤ ቡድን የመያዝ ግዴታ በውል ካልተጻፈ በራሱ አይመጣም።

የውጭ ባለሀብት የድሬዳዋ ከተማ እግር ኳስ ክለብን መግዛት ይችላል? ለምንስ አይመጣም?

መጀመሪያ የሚገዛ ነገር መኖር አለበት። የኢትዮጵያ ክለቦች አብዛኛዎቹ በከተማ አስተዳደር፣ በክልል መንግሥት፣ በመንግሥት ድርጅት ወይም በጸጥታ ተቋም ሥር ናቸው። ሜዳው የመንግሥት፣ በጀቱ የመንግሥት ነው። ለገዢ የሚቀርብ የተለየ አክሲዮን፣ በውጭ ኦዲተር የተመረመረ ሂሳብ፣ በራሱ ስም የተመዘገበ ንብረት ካልኖረ ገዢው ምን ላይ ይፈርማል?

ሁለተኛው ገቢው ነው። በእንግሊዝ የመጨረሻ ደረጃ ይዞ የወረደ ክለብ እንኳ ከሊጉ ወደ 100 ሚሊዮን ፓውንድ ይዞ ይሄዳል። እኛ ዘንድ የትኬት ዋጋ ትንሽ ነው፤ የቴሌቪዥኑም ገና ጅማሮ ላይ ነው። በአስተዳደር ገንዘብ የሚኖር ክለብ ደግሞ በሹመት ለውጥ ይናወጣል። በአገራችን ደመወዝ ለወራት ሳይከፈላቸው የሚጫወቱ ልጆች ዜና ስሰማ የሚያንገበግበኝ፣ ገንዘቡ ጠፍቶ ብቻ ሳይሆን የሚጠየቅ ባለቤት ጠፍቶ መሆኑ ነው።

እኔን ብትጠይቁኝ ከባለሀብቱ በፊት መምጣት ያለበት የአባልነት መዝገብ ነው። በአዲስ አበባ ቅዱስ ጊዮርጊስና ኢትዮጵያ ቡና ረጅም ዕድሜ የኖሩት ደጋፊያቸው የእኛ ነው ስለሚላቸው ነው። በድሬዳዋ በጎሣም በሃይማኖትም ሳይለይ አንድ ቀለም የሚለብስ ሕዝብ አለ፤ በመዝገብ ላይ ያልሰፈረ ሀብት ነው።

ሁሉም ነገር ወደ አዲስ አበባ አይሄድም?

ስፖንሰር የሚሆኑት ባንኮችና ኩባንያዎች ዋና መሥሪያ ቤታቸው እዚያ ስለሆነ ብዙው ይሄዳል። ሆኖም ከ2020 ወዲህ፣ የሊጉ አክሲዮን ማኅበር ከዲኤስቲቪ ኩባንያ ከመልቲቾይስ ጋር በፈረመው ውል ጨዋታዎች በዲኤስቲቪ ሲተላለፉና ውድድሩ ከከተማ ከተማ ሲዘዋወር፣ ድሬዳዋ ከአስተናጋጆቹ አንዷ ሆናለች። ያኔ ያየሁትን አልረሳውም። የሊጉ ቡድኖች በሙሉ ለሳምንታት እዚህ ነበሩ፤ ሆቴሎቹ ሞሉ፤ የባጃጅ ሾፌሮች የልምምድ ሰዓቱን በቃላቸው ያውቁት ነበር፤ ማታ ማታ አሸዋ ገበያ አካባቢ ሻይ የሚጠጡ ተጫዋቾችን ልጆች ከብበው ያዩ ነበር። የእግር ኳስ ገንዘብ በቀጥታ ወደ ተራው ሰው እጅ ሲገባ ያየሁት በዚያ ጊዜ ነው።

አርሴናልን መደገፌ ለድሬዳዋ ክለብ ጉዳት ነው?

አይደለም። ፍቅር አይከፋፈልም። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፤ ሩዋንዳ አገሯን ለማስተዋወቅ በ2018 ስሟን በአርሴናል እጅጌ ላይ ገንዘብ ከፍላ አስጽፋለች። ከአፍሪካ ወደ ሀብታሙ ክለብ የሚሄድ ገንዘብ መኖሩን ማወቅ ጥሩ ነው። ቅዳሜ ለሩቁ የምትከፍሉትን ያህል እሑድ ለቅርቡ ትኬት ግዙ።

ነጻ የንግድ ቀጠናው ለእግር ኳሳችን ምን ያመጣል?

በ2022 የተመረቀው የድሬዳዋ ነጻ የንግድ ቀጠና በአገሪቱ የመጀመሪያው ነው፤ የኢንዱስትሪ ፓርኩም አለ። የሚመጡት ኩባንያዎች ቡድን እንዲያቋቁሙ አልመክርም፤ የጥጥንና የቢራን ታሪክ አይተናል። ከተማው ሊጠይቃቸው የሚገባው ሜዳ ነው። አጥር ያለው፣ ውኃ የደረሰው፣ በከተማው ስም በካርታ የተመዘገበ የሰፈር ሜዳ ኩባንያው ቢሄድም ይቀራል።

ክለቡን ራሱን እገዛለሁ ብሎ የሚመጣ ሰው ካለ ደግሞ ስሙና ብርቱካናማው ቀለም ከሽያጩ ውጪ ይሁኑ፤ ሜዳው በኪራይ እንጂ በሽያጭ አይተላለፍ፤ የሚበደረውን በክለቡ ስም አይበደር። የሚወጣበትም ቀን ከመግባቱ በፊት ይጻፍ፤ ለማን እንደሚሸጥ፣ መጀመሪያ የመግዛት መብት የማን እንደሆነ።

በደቻቱ አሸዋ ላይ የሚጫወት ልጅ ነገ ውጭ ቢሸጥ ድሬዳዋ ምን ታገኛለች?

ከሁሉም በላይ እንዲጠየቅ የምፈልገው ይህ ነው፤ የሚጠይቀኝ ግን ጥቂት ሰው ነው። ውኃ በሌለበት ወር በደቻቱ ወንዝ መሃል ሁለት ጥንድ ጫማ ጎል አድርገው ከቀትር በኋላ የሚጫወቱ ልጆችን ድልድዩ ላይ ቆሜ አያለሁ። አሸዋው እግር ይይዛል፤ ስለዚህ ኳሷን በአየር ላይ መቆጣጠር ይለምዳሉ።

ፊፋ ለእንዲህ ያለው ልጅ አሳዳጊ ክለብ የሚከፈል ድርሻ ደንግጓል። ውሉን ሳይጨርስ ከአገር ወደ አገር በገንዘብ ከተዛወረ፣ ከዝውውር ሂሳቡ 5 በመቶ ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሳደጉት ክለቦች ይከፋፈላል። ልጁ 12፣ 13፣ 14ና 15 ዓመት ለሞላባቸው የውድድር ዘመናት በየዓመቱ 0.25 በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ላሉት ደግሞ በየዓመቱ 0.5 በመቶ ነው። ልጁ ከ12 እስከ 17 እዚህ ተመዝግቦ ቢጫወትና ኋላ በ1 ሚሊዮን ዶላር ቢዛወር፣ ለድሬዳዋው ክለብ 20,000 ዶላር ይደርሰዋል። በሌላ ዓመት እንደገና ቢሸጥ እንደገና። ባለሀብት ሳይለመን የሚመጣ የውጭ ገንዘብ ነው።

ገንዘቡ የሚከፈለው ግን በምዝገባ ነው። ልጁን ያሳደገው የሰፈር አሰልጣኝ ማስታወሻ ደብተር አይቆጠርም፤ በፌዴሬሽኑ ሥርዓት የገባ ስም፣ የልደት ቀንና የክለብ መዝገብ ያስፈልጋል። ስለዚህ የታዳጊ ፕሮጀክት የያዛችሁ አሰልጣኞች፣ የልጆቹን የልደት ምስክር ወረቀት ከቀበሌ አውጡ፤ ወላጆቻቸውን አስፈርሙ፤ ቅጂውን አስቀምጡ። ቆጠራው የሚጀምረው ልጁ 12 ዓመት በሚሞላበት የውድድር ዘመን ነው።